ቤት ሲሸጥና ሲከራይ ታማኝ ደላላን እንዴት መለየት ይቻላል?

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾና በአካባቢው ባሉ ሌሎች ከተሞች ቤቱን ለመሸጥ ወይም ለማከራየት የወሰነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያናግረው ደላላን ነው። ደላላው ገዢ ወይም ተከራይ ያፈላልጋል፤ ዋጋ ያደራድራል፤ ውሉ እስኪፈረም ድረስም በሁለቱ ወገኖች መካከል ይመላለሳል። ሥራው በታማኝነት ሲከናወን የባለቤቱን ጊዜና ድካም ይቆጥባል። በማታለል ሲከናወን ግን አንድ ቤተሰብ በዕድሜው ሙሉ ያፈራውን ሀብት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊያሳጣው ይችላል።

ታማኙን ከማይታመነው ለመለየት ብዙ መለኪያዎች ቢኖሩም የሁሉም መሠረት አንድ ነው። ታማኝ ደላላ ከገንዘቡ በፊት ወደ ሰነዱ ይወስዳል፤ የማይታመነው ደግሞ ሰነዱ ሳይታይ ወደ ገንዘቡ ይቸኩላል። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ ይህ መለኪያ በሽያጭ፣ በኪራይ፣ በውክልናና በከተማ ዳር መሬት ላይ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል።

የገበያው ሁኔታ

የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ሆሳዕና የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። የመንግሥት ሠራተኞች ወደ ከተማዋ መምጣታቸው፣ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ሠራተኞች መኖሪያ መፈለጋቸው፣ እንዲሁም ከገጠር ወደ ከተማ የሚገባው ሕዝብ መብዛቱ የቤት ፍላጎትን ጨምሯል። ዩኒቨርሲቲው ካምፓስ ያለባት ዱራሜም የከምባታ ዞን መቀመጫ እንደመሆኗ ተመሳሳይ ፍላጎት ይታይባታል።

ሌላው ምክንያት ከውጭ አገር የሚላከው ገንዘብ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ከሀዲያና ከከምባታ አካባቢዎች ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል፤ በእነዚህ ከተሞች ከተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹም ከዚያ በተላከ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። የእነዚህ ቤቶች ባለቤቶች በአካል ስለማይገኙ ሽያጩም ሆነ ኪራዩ በዘመድ፣ በወኪልና በደላላ እጅ ይከናወናል። በአንጻሩ የልጅን የጉዞ ወጪ ለመሸፈን ቤቱን በጥድፊያ የሚሸጥ ቤተሰብም አለ። ችግርና ጥድፊያ ያለበት ሻጭ ደግሞ ለማይታመን ደላላ የተመቸ ነው።

የደላላ ሥራና ወሰኑ

የ1952ቱ የንግድ ሕግ ደላላን ውል ለመዋዋል የሚፈልጉ ወገኖችን እየፈለገ የሚያገናኝና ይህንንም ራሱን ችሎ፣ ለክፍያ፣ እንደ ሙያ የያዘ ሰው አድርጎ ይገልጸው ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ ደላላ አገናኝ እንጂ ሻጭ፣ ገዢ ወይም ገንዘብ ያዥ አይደለም። ባለቤቱን ተክቶ የመፈረም ሥልጣንም የለውም።

አርሶ አደሩ የከብት ገበያውን ደላላ በሚገባ ያውቀዋል። በዚያ ገበያ በሬው በገዢው ፊት ቆሟል፤ ጥርሱ ይታያል፤ አረማመዱም ይፈተሻል። ቤት ሲሸጥ ግን ለገዢው የሚተላለፈው ግድግዳውና ጣሪያው ብቻ ሳይሆን በሰነድ ላይ የተመዘገበ መብት ነው። ግንቡ ያማረ ቤት ዕዳ ሊኖርበት፣ በፍርድ ቤት ሊታገድ ወይም የሌላ ወራሽ ድርሻ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ በከብት ገበያ ጎበዝ የተባለ ደላላ በቤት ሽያጭም ጎበዝ ይሆናል ማለት አይደለም።

ብዙ የአካባቢው ተወላጆች በሚኖሩባት ደቡብ አፍሪካ በ2014 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የንብረት ሥራ ባለሙያዎች ሕግ፣ ደላላው ከተቆጣጣሪው ባለሥልጣን የሚሰጥ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ያስገድዳል። ይህ የምስክር ወረቀት የሌለው ደላላ ክፍያ የመቀበል መብት የለውም። በኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. የሪል እስቴት ልማትንና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትን ሥርዓት ለማስያዝ አዋጅ ወጥቷል። ሆኖም በየከተማው ያለው የድለላ ሥራ ዛሬም በአብዛኛው በትውውቅና በስልክ የሚካሄድ ስለሆነ ማጣራቱ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው።

ሥራውን ከመስጠት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ ንግድ ፈቃድ ነው። ደላላው የታደሰ የድለላ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለው ወይ? በፈቃዱ ላይ ያለው ስም በመታወቂያው ላይ ካለው ስም ጋር ይመሳሰላል ወይ? ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን በከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ማጣራት ይቻላል። ፈቃድ መያዝ ብቻውን ታማኝነትን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን ጉዳት ቢደርስ ተጠያቂው የት እንደሚገኝ ያመለክታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ደላላው ከዚህ በፊት የሠራውን የሚመለከት ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ያሻሻጣቸውን ወይም ያከራያቸውን ቢያንስ የሦስት ቤቶች ባለቤቶች እንዲያገናኝ መጠየቅ ነውር አይደለም። ባለቤቶቹ ሲገኙ የሚጠየቁት ደላላው ደግ ሰው ስለመሆኑ አይደለም። የተነገራቸው ዋጋና በውሉ የተጻፈው ዋጋ አንድ ነበር ወይ? ገንዘቡ በማን እጅ አለፈ? ስም ማዛወሩ ያለ እንከን ተፈጸመ ወይ? መልሱ የሚገኘው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ደላላው የሚሠራው ለማን ነው የሚለው ነው። አንድ ደላላ ከሻጭም ከገዢም ክፍያ የሚቀበል ከሆነ ይህንኑ ከመጀመሪያው መናገር ይኖርበታል። ገዢው ዘመዱ ወይም የንግድ ሸሪኩ ከሆነም መደበቅ የለበትም።

ዝምድና፣ የአንድ ቀበሌ ልጅነት ወይም የእድር አባልነት ለትውውቅ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ የሰነድ ማጣራትን አይተካም። እንዲያውም በዝምድና የተጀመረ ጉዳይ ሲበላሽ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ዝምድናውም አብሮ ስለሚጠፋ ጥንቃቄው ለሁለቱም ወገን የሚበጅ ነው።

ክፍያውን በጽሑፍ ማስቀመጥ

ለሽያጭ ድለላ በብዙ ቦታ በልማድ የሚጠቀሰው ክፍያ ከሽያጩ ዋጋ ሁለት በመቶ ነው። ቤቱ በ3 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ ይህ 60 ሺህ ብር ይሆናል፤ ከሁለቱም ወገን ከተወሰደ ደግሞ 120 ሺህ ብር ይደርሳል። ክፍያው በስምምነት የሚወሰን ስለሆነ ልማዱ እንደ ሕግ መታየት የለበትም።

ለሻጩ ከኮሚሽኑ ይልቅ የሚያሰጋው የተደበቀው ልዩነት ነው። ደላላው ለሻጩ «ገዢው ከ2 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር በላይ አይከፍልም» ይለዋል፤ ለገዢው ደግሞ «ባለቤቱ ከ3 ሚሊዮን ብር አይወርድም» ይለዋል። በመካከል ያለው 400 ሺህ ብር ለደላላው ይቀራል። ይህን ለመከላከል ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ተገናኝተው ዋጋውን ከአንደበታቸው መሰማማት አለባቸው። ሁለቱ እንዳይገናኙ የሚጥር ደላላ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ሊጠረጠር ይገባል።

ከደላላው ጋር የሚደረገው ስምምነት አንድ ገጽ ቢሆንም በቂ ነው። የቤቱ አድራሻ፣ ባለቤቱ የሚቀበለው ዝቅተኛ ዋጋ፣ የኮሚሽኑ መጠን፣ ማን እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፈልና ስምምነቱ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበታል። ኮሚሽኑ የሽያጭ ውሉ ከተመዘገበ በኋላ እንዲከፈል ማድረግ ደላላውም ሰነዱ እንዲሟላ እንዲተጋ ያደርገዋል።

ግብር ለመቀነስ በሚል በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ እንዲጻፍ የሚመክር ደላላ ሁለቱንም ወገኖች ለአደጋ ያጋልጣል። ድርጊቱ በሕግ ያስጠይቃል፤ ክርክር ቢነሳም ማስረጃ የሚሆነው በጽሑፍ የሰፈረው ዋጋ ነው።

ከዋጋ ድርድር በፊት መሟላት ያለባቸው ሰነዶች

ሻጩ ሰነዶቹን አስቀድሞ ካዘጋጀ ደላላው የሚያስፈራራበት ምክንያት አያገኝም። ዋና ዋናዎቹ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታና ፕላን፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ወይም የሊዝ ክፍያ ደረሰኞች፣ እንዲሁም ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ከማዘጋጃ ቤት የሚሰጥ ማረጋገጫ ናቸው። ገዢ ሊሆን ለሚችል ሰው ፎቶ ኮፒ ማሳየት ይበቃል። ዋናው ካርታ በደላላ እጅ ማደር የለበትም።

የትዳር ጓደኛ ፈቃድ ሌላው መሠረታዊ ጉዳይ ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ ለማከራየት የባልና የሚስት ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። የቀድሞው የደቡብ ክልልም በ1996 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቶ ነበር። ካርታው በአንዱ ስም መሆኑ ብቻ ንብረቱን የግል አያደርገውም። ቤቱ የውርስ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫና የወራሾች ሁሉ ስምምነት ይጠየቃል።

የይዞታው ዓይነትም መታወቅ አለበት። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ይህ ለገዢው ተጨማሪ ወጪ ስለሚያስከትል ከዋጋ ድርድሩ በፊት መነገር አለበት። ግንባታው ያልተጀመረ ወይም በግማሽ ያልተጠናቀቀ የሊዝ ቦታን ለማስተላለፍም አዋጁ በሚመለከተው አካል ክትትል የሚፈጸም ግልጽ የሽያጭ ሥርዓት እንዲከተሉ ያዛል።

ቀብድና ውል

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ቀብድ የደነገገውን ብዙ ሻጮች የሚያውቁት ከተጎዱ በኋላ ነው። በአንቀጽ 1883 እና 1885 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ይሆናል። የተለየ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። 100 ሺህ ብር ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ሐሳቡን ቢለውጥ 200 ሺህ ብር ለመመለስ ይገደዳል ማለት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ሳያውቅ ወይም የትዳር ጓደኛው ሳይስማማ ቀብድ የሚቀበል ደላላ ከባድ ጣጣ ውስጥ ያስገባዋል። ቀብድ በባለቤቱ የባንክ ሒሳብ፣ በጽሑፍ ስምምነትና በምስክሮች ፊት ብቻ መግባት ይኖርበታል።

የሽያጭ ውሉም በሕጉ አንቀጽ 1723 እና 2877 መሠረት በጽሑፍ መሆን፣ እንዲሁም በፍርድ ቤት ወይም ሰነድ በሚያረጋግጥና በሚመዘግብ አካል ፊት መደረግ አለበት። ውሉ ሌሎች ሰዎችን የሚያስገድደው ደግሞ ንብረቱ በሚገኝበት አካባቢ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲመዘገብ መሆኑን አንቀጽ 2878 ይገልጻል። በራፖር ጸሐፊ ተጽፎ በሽማግሌዎች ፊት የተፈረመ ወረቀት የስምምነቱን መነሻ ሊያሳይ ይችላል፤ ምዝገባውን ግን አይተካም። «መንደር ውስጥ ተፈራርመን እንጨርሰው፤ ምዝገባው በኋላ ይደርሳል» የሚል ደላላ ሻጭንም ገዢንም ለረጅም ክርክር ይዳርጋል።

ባለቤቱ በውጭ አገር ሲኖር

በውክልና የሚፈጸም ሽያጭ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራዎችን ብቻ ለመሥራት የሚያስችል ነው። በአንቀጽ 2205 መሠረት ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል።

በደቡብ አፍሪካ የሚኖር ባለቤት ውክልናውን በፕሪቶሪያ በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ሊያዘጋጅ ይችላል፤ ሰነዱ ወደ አገር ቤት ሲደርስም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። በውክልናው ላይ የቤቱን የካርታ ቁጥር፣ ዝቅተኛውን የሽያጭ ዋጋና ገንዘቡ የሚገባበትን የባለቤቱን የባንክ ሒሳብ በግልጽ ማስፈር ጥበቃውን ያጠናክራል። ለማከራየት ብቻ የሚፈልግ ሰው የመሸጥ ሥልጣን መስጠት አያስፈልገውም።

ወኪልና ደላላ አንድ ሰው እንዳይሆኑ መጠንቀቅም ተገቢ ነው። ኮሚሽኑን ለማግኘት ሽያጩ እንዲፈጥን የሚፈልግ ሰው በዚያው እጁ የባለቤቱን ፊርማ ከያዘ የሚገታው የለም። ውክልና በማንኛውም ጊዜ ሊሻር ይችላል፤ ሲሻር ግን ለወኪሉ፣ ሰነዱን ለመዘገበው ጽሕፈት ቤትና ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠቅማል።

ቤት ሲከራይ

በኪራይ ጊዜ ደላላው ተከራዩን ካመጣ በኋላ ማንነቱን ማረጋገጥ የአከራዩ ኃላፊነት ነው። የመታወቂያ ቅጂ፣ የሥራ ቦታ ማረጋገጫና ቀድሞ ይኖርበት የነበረው ቤት አከራይ አስተያየት ጠቃሚ ናቸው። ቤቱ በተከራየ በጥቂት ወራት ውስጥ ተከራዩን አስወጥቶ ሌላ ለማስገባትና ዳግመኛ ኮሚሽን ለመቀበል የሚገፋፋ ደላላ ለአከራይም ለተከራይም ጠንቅ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የኪራይ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ በክልሎች የሚፈጸመው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ አከራዮች ከመፈራረማቸው በፊት የሚኖሩበት ከተማ በዚህ ሥር መሆኑን ከከተማ አስተዳደሩ መጠየቅ ይገባቸዋል። የስድስት ወር ወይም የአንድ ዓመት ኪራይ አስቀድሞ በእጅ እንዲከፈል የሚያግባባ ደላላ ይህን ሕግ አለማወቁን ወይም አለማክበሩን ያሳያል። ከኪራይ የሚገኝ ገቢ ግብር እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም።

የከተማ ዳር አርሶ አደሮች

ከተሞቹ ወደ እንሰቱና ወደ ስንዴው ማሳ እየሰፉ በሄዱ ቁጥር ደላሎች የአርሶ አደሩን ደጅ ማንኳኳታቸው አልቀረም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። አርሶ አደሩ በመሬቱ ላይ ያለማውን ቤትና ቋሚ ተክል ባለቤትነት ሕጉ ያስከብርለታል፤ መሬቱን ግን በሕጉ መሠረት ከማከራየት አልፎ መሸጥ አይችልም።

ይህን ለማለፍ ሽያጩን ስጦታ፣ ብድር ወይም የረጅም ዘመን ኪራይ አስመስለው የሚያስጽፉ ደላሎች አሉ። እንዲህ ያለው ወረቀት ገዢውን ካርታ የሌለው የጨረቃ ቤት ባለቤት ያደርገዋል፤ አርሶ አደሩንም ያለ መሬት ያስቀረዋል። ከተማው ቦታውን ለልማት ሲወስድ ካሣ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ በመሆኑ በሁለቱ መካከል የሚነሳው ክርክር ዓመታትን ይወስዳል። የመሬት ኪራይ ውልም ቢሆን በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ይኖርበታል። አርሶ አደሩ የይዞታ ደብተሩን ለደላላ ከመስጠቱ በፊት ወደዚሁ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ይችላል።

የማይታመን ደላላ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ሲታይ ቆም ብሎ ማጣራት ያስፈልጋል፦

• «ዛሬ ካልተፈረመ ገዢው ይሄዳል» እያለ የሚያስቸኩል፤
• ዋናውን ካርታ፣ የይዞታ ደብተር ወይም ባዶ ወረቀት ላይ የተደረገ ፊርማ የሚጠይቅ፤
• ቀብድ ወይም የሽያጭ ገንዘብ በራሱ ሒሳብ እንዲገባ የሚፈልግ፤
• ሻጭና ገዢ እንዳይገናኙ የሚከላከል፤
• የትዳር ጓደኛ ወይም የወራሾች ፊርማ ይታለፍ የሚል፤
• ለኮሚሽኑ የጽሑፍ ስምምነትም ሆነ ደረሰኝ የማይሰጥ፤
• «ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሰው አለኝ» በማለት ሰነዱን ባለቤቱ ራሱ እንዳያጣራ የሚያደርግ።

ችግር ከተፈጠረ

ማታለል መፈጸሙን ያወቀ ሰው በቅድሚያ ሰነዶቹን፣ የባንክ ደረሰኞቹንና የስልክ መልእክቶቹን ይሰብስብ። ቀጥሎም ስም ማዛወሩ ገና ካልተፈጸመ ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ያመልክት፤ ከፍርድ ቤትም የእገዳ ትእዛዝ ይጠይቅ። በዚህ ጉዳይ ጥቂት ቀናት ትልቅ ልዩነት ያመጣሉ፤ ቤቱ ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ ገዢ ከተላለፈ በኋላ ማስመለሱ እጅግ ይከብዳል።

በማታለል የሌላውን ሰው ጥቅም መጉዳት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ በመሆኑ ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል። የሽምግልና ሥርዓት በአካባቢው የተከበረና ብዙ አለመግባባቶችን የሚፈታ ቢሆንም፣ ሽምግልናው እስኪያልቅ እየተጠበቀ የእገዳ ማመልከቻው መዘግየት የለበትም።

ቤቱን ለመሸጥ ወይም ለማከራየት የሚያስብ ሰው ለደላላ ከመደወሉ በፊት አንድ ቀን ወስዶ ማዘጋጃ ቤት ቢሄድ፣ የካርታውን፣ የዕዳውንና የእገዳውን ሁኔታ ቢያረጋግጥ፣ ከቤተሰቡም ጋር ቢመካከር አብዛኛውን አደጋ ያስቀራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደላላ የሚመዘነው በጨዋታው ለዛ ሳይሆን «ሰነዱን አብረን እናጣራ» ሲባል በሚሰጠው መልስ ነው። ታማኙ ደላላ ማጣራቱ ለእርሱም ዋስትና ስለሆነ በደስታ አብሮ ይሄዳል።